ከለቅሶ ቤት የመጣ ኮድ

ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሥራ ከላከላችሁ ስልካችሁን አጥፉና ተደበቁ። ምከረን ያለኝ የለም፤ አንጀቴ አርሮ ነው ሳልጠየቅ የምናገረው። ደግሞ በእኔ ቦታ ብትሆኑ እናንተም እኔ ያደረግኩትን ነበር የምታደርጉት። «እኔስ አላደርገውም» የሚል ካለ ወይ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም፣ ወይ ሲደርስ የቀረበለትን በልቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው።

ሥራዬ የሰው ኮድ ማንበብ ነው። አንዱ ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበትን ኮድ ይጽፋል፣ ሌላው ስህተት እንዳይኖርበት አንብቦ «ጸድቋል» ይላል። ያ ሌላው እኔ ነኝ። ለዚህ የተመረጥኩት እንከን መፈለግ ስለሚቀናኝ ነው። ሰርግ ተጠርቼ የሙሽራው ኮት ላይ የጎደለች ቁልፍ አያለሁ፤ ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ፊልም ማየት ካቆሙ ቆዩ። አከራዬ እትዬ ሙሉ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ኮምፒውተር ያክማል» ይላሉ። በዚህ የተነሳ የግቢው ሰው የተቃጠለ ካውያ ሳይቀር ተሸክሞ ይመጣብኛል።

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ቅሬታውን በኢንተርኔት የሚያስገባበት ገጽ ሠራን። ገጹ ላይ ትልቅ የመጻፊያ ሳጥን አለ፤ ሰው ማመልከቻውን ሌላ ቦታ ያስጽፍና እዚያ ይለጥፈዋል። ታዲያ የሚለጠፈው ነገር ውስጥ አንድ ተንኮለኛ የማሽን ትእዛዝ ደብቆ ቢያስገባ ገጹን ያተራምሰዋል። የማሽን ትእዛዝ የሚታወቀው በሁለት ሹል ምልክቶች መሃል በመቀመጡ ነው፤ ልጅ ሆነን ሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ያንሳል፣ ይበልጣል» እያልን የተማርናቸው ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ሕንፃ በር ላይ እንደሚቆመው ፈታሽ፣ የሚገባውን ጽሑፍ ዳብሶ ትእዛዙን የሚቀማና ሌላውን «እለፍ» የሚል ኮድ ያስፈልጋል።

ፈታሹን እንዲጽፍ የተመደበው ሳምሶን ነው። ከሁላችንም የተሻለ ኮድ ጸሐፊ እሱ ነው፤ ይህን የምናገረው እየቆጨኝ ነው። ሥራውን ግማሽ ላይ እያለ አባቱ አረፉ። ሰፈራቸው አስኮ ድንኳን ተጣለ፣ እኛም ተያይዘን ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እቆረጥማለሁ። ሳምሶን ከአጎቶቹ መሃል ጋቢ ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። ትንሽ ቆይቶ ተነሣና ወደ ቤት ገባ። ብቻውን ሊያለቅስ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ሳምሶን ነው፤ «የፈታሹን ኮድ ጨርሻለሁ፣ ሪቪው አድርግልኝ» ይላል። በስመ አብ! እኔ እኮ ድንኳናቸው ውስጥ፣ የእነሱን ንፍሮ በእጄ ይዤ ነው ያለሁት።

ከፊቴ በተቀመጡ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ጀርባ ተከልዬ ከፈትኩት። አሥራ አራት መስመር ነው። እስከ ስድስተኛው ድረስ እንደ ሁልጊዜው የሚያስቀና ሥራ ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። ሰባተኛው መስመር በሁለቱ ሹል ምልክቶች መሃል የተገኘውን ሁሉ ያጠፋል። ትእዛዝ ነህ ወይ፣ ተራ ጽሑፍ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ስምንተኛው ደግሞ ተከትሎ የተራረፈውን ምልክት ይጠርጋል፣ አንድ ነገር እንደጠፋ ማወቂያ እንኳ እንዳይቀር።

ልብ በሉ፣ አይቼዋለሁ። ባላየው ኖሮ «ሞኝ ነኝ» ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። አይቼ ደግሞ «ሳሚ፣ ሰባተኛው መስመር ልክ አይደለም፤ ሰው ለራሱ ጉዳይ እነዚህን ምልክቶች ቢጠቀምስ?» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ከጎጃም የመጡ አክስቱ ድንኳኑን በጩኸት ሞሉት። «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ እኔም ስልኬን ይዤ ተነሣሁ። አንድ ዓይኔ አክስትየው ላይ፣ አንድ ዓይኔ ሰባተኛው መስመር ላይ። ሰውየው ከተቀበሩ ገና ሦስት ቀናቸው፣ እኔ «ልክ አይደለም» ልል! ምን ዓይነት ፊት ይዤ ነው ከዚያ ድንኳን የምወጣው? የጻፍኩትን አጠፋሁና «እግዚአብሔር ያጽናህ። ጸድቋል።» ብዬ ላክሁ።

ደንባችን አንድን ኮድ ሁለት ሰው እንዲያጸድቀው ያዛል። ሁለተኛው ገምጋሚ አጠገቤ ቆሞ ዓይኑን ያብሳል።

«አጸደቅከው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አጸደቅኩት።»

«በቃ እኔም» አለና ሳይከፍተው አጸደቀ። ቢያንስ እሱ አላየሁም ማለት ይችላል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የምኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲ ከሚዞርበት ገባ ብሎ፣ በእትዬ ሙሉ ግቢ ነው። አምስት አባወራና እኔ አንድ ላጤ አለንበት። ከግቢው የምንወጣው በአንድ ቀጭን መተላለፊያ ነበር። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቢገናኝ አንዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከጀርባችን ፎቅ የሚሠሩት አቶ ግርማ አንድ ቀን መጥተው መተላለፊያውን ለኩና «ይሄ የእኔ ይዞታ ነው፣ እዘጋዋለሁ» አሉ። ሰውየው ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያበሽቃል።

እትዬ ሙሉ ክው አሉ። «መውጫችንን?» አሉ። «የሚታመም የለብንም? የሚሞት የለብንም? ሰው እኮ ሁልጊዜ በእግሩ አይደለም ከቤቱ የሚወጣው!»

መተላለፊያው የጋራ መሆኑን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ ወልዴ። በጡረታ የወጡ የውኃ ቧንቧ ዘርጊ ናቸው፣ ከግቢያችን ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቧንቧው በመተላለፊያው ሥር ሲቀበር ጉድጓዱን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። የአቶ ግርማ አባትም ያን ዕለት አብረው ቆመው «መንገዱ የሁላችን ነው፣ ቧንቧውም የሁላችን ይሁን» እንዳሉ ያስታውሳሉ። ሌላው ምስክር ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ ሰፈር ለቋል።

እትዬ ሙሉ ቅሬታ ሊያስገቡ ሲነሡ የይዞታ ቅሬታ የሚያየው መሥሪያ ቤት ወረቀት አንቀበልም፣ በኢንተርኔት አስገቡ አላቸው። የገጹን ስም ሲነግሩኝ የእኛው ነው። እኔ ዕድለ ቢስ ደረቴን ነፋሁ። «እትዬ፣ እኛ ነን እኮ የሠራነው! እንደ ድሮው ፋይል ጠፋ የለ፣ ቀጠሮ የለ። የተናገሩት ነገር አንዲት ፊደል ሳትጎድል ይደርሳል» አልኳቸው። እሳቸውም ይህንኑ እስከ ማዞሪያው ሱቆች ድረስ አወሩልኝ። ባለሱቁ ሁሉ ሰላምታውን ጨመረልኝ።

ጋሽ ወልዴ ማዞሪያው አጠገብ ባለች የጽሕፈት ሱቅ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ሙሉ ተናገሩ፣ ጸሐፊዋ ቃላቸውን እየሰማች ጻፈች፤ ገጹ ላይም እሷው ለጠፈችው። ከወር በኋላ ውሳኔው መጣ። እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን ስለማያምኑት አንብብልኝ ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ።

«የአመልካች ምስክር አቶ ወልዴ ስለ መተላለፊያው ሲያስረዱ በማለት ተናግረዋል» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። «ሲያስረዱ በማለት ተናግረዋል።» ዝቅ ብሎ፣ «ምስክሩ ስለ ጉዳዩ የገለጹት ፍሬ ነገር ባለመኖሩ መተላለፊያው የተጠሪ ይዞታ እንዲሆን ተወስኗል፤ ይግባኝ ካለ ይቅረብ» ይላል።

«ምን ማለት ነው ምንም አልተናገሩም?» አሉ እትዬ ሙሉ። «ግማሽ ቀን ሙሉ! ድምፃቸው እስኪዘጋ!»

ሰባተኛው መስመር ትዝ ሲለኝ ቆሌዬ ተገፈፈ። ስልካቸውን መልሼ ወደ ጽሕፈት ሱቋ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ ለሌላ ሰው እየጻፈች ያለችውን በኮምፒውተሯ አሳየችኝ። እንደ አገራችን ጸሐፊ ሁሉ፣ የሰው ቃል ስትጀምር ያንሳልን ሁለት ጊዜ፣ ስትጨርስ ይበልጣልን ሁለት ጊዜ ትመታለች።

«ለምንድን ነው በዚህ ምልክት የምትጽፊው?» አልኳት።

«ታዲያ የሰው ቃል መሆኑ በምን ይታወቅ?» አለች። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚጽፈው። አንተ የት ነው የተማርከው?»

የጋሽ ወልዴን ጽሑፍ ስጪኝ ብላት የለም። ኮምፒውተሩ እየሞላባት በየሳምንቱ እሑድ ታጠፋዋለች።

ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ስፈትሽ የባሰው ጉድ ወጣ። ፈታሹ ሥራውን የሚሠራው ጽሑፉ ከመቀመጡ በፊት ስለሆነ የተበላው ነገር ቅጂ የለውም። እና የበላው የጋሽ ወልዴን ብቻ አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ የሰው ንግግር ሲበላ ከርሟል። «ሰብሳቢው በማለት በጥብቅ አሳስበዋል።» «ተሰብሳቢዎቹም በማለት በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል።» አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ አራት ሰዎች ተከራክረዋል፣ ሁለቱ ይቅርታ ተጠያይቀዋል፣ ማን ምን እንዳለ ግን አንድ ቃል የለም፤ ከታች «ተነብቦ ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል» ተብሎበታል። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ ንግግሬ የት ገባ?» ብሎ አልደወለም። ይህን ሳይ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ሳምሶንን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። ሰባተኛውን መስመር ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሐዘን ላይ ነበርክ እኮ ሳሚ። እንዴት ብዬ...»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ጽና፣ ቻለው ሲለኝ ነበር» አለ። «ከዚያ ሁሉ ሰው አንተን የመረጥኩህ አትምረኝም ብዬ ነው። ተሳስተሃል ብትለኝ እንከራከር ነበር። ለአሥር ደቂቃ እንኳ አባቴን እረሳው ነበር።»

ይህን ብሎ ወንበሩን ስቦ ኮዱን ማስተካከል ጀመረ።

ሥራ አስኪያጃችን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «በዝምታ አስተካክሉት» አለ። «አንዴ ካወራን ነገ ሁሉም ሰው ተነሥቶ የእኔም ቃል ተበልቷል ይላል።» ተበልቷላ! አልኩ በሆዴ። በአፌ ያልኩት «እሺ» ነው። ፈታሹ በማግስቱ ተስተካከለ። አሁን በጣም ጎበዝ ፈታሽ ነው፣ ማንንም አያጉላላም።

ለእትዬ ሙሉ «ሲስተሙ ትንሽ ተበላሽቶ ነበር፣ ይግባኝ ይበሉና ጋሽ ወልዴ ደግመው ይናገሩ» አልኳቸው። ማን አበላሸው አላሉኝም። ሲስተም ሲበላሽ ማንም ሰው ማን አበላሸው ብሎ አይጠይቅም፤ የእኛን ሙያ ዕድሜ የሚያራዝመው ይህ ነው። ጋሽ ወልዴም ሳቁ። «ምን ችግር አለው? ጉድጓዱን የቆፈርኩ እኔ። መቶ ጊዜ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ግቢው ቧንቧ ላይ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ምላሳቸውም ተይዟል። ቀጠሮው ተራዝሞ ስለነበር በወንበር ተሸክመን አቀረብናቸው። ይግባኙን የሚሰማው መርማሪ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ነው የተቀበላቸው። «አባቴ፣ ስለ መተላለፊያው የሚያውቁትን ይንገሩኝ» አላቸው። ጋሽ ወልዴ ታገሉ፣ ላባቸው ወረደ፣ አልወጣላቸውም። ከዚያ በደህናው እጃቸው አየሩን መቆፈር ጀመሩ። ይቆፍራሉ፣ አፈሩን ወደ ጎን ይጥላሉ፣ ደግመው ይቆፍራሉ። መርማሪው ትንሽ ተመለከታቸውና አንገቱን ደፍቶ «ምስክሩ ቀርበው ቃል አልሰጡም» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ይጻፍ?

ውሳኔው እስኪጸና ሁለት ሳምንት ነበረን። ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የምስክሩን ቃል ያጠፋው ኮዳችን ነው፣ አይቶ ያጸደቀው እኔ ነኝ» የሚል፣ አጭር፣ ግልጽ። ስህተት ፈልጌበት አጣሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ደብዳቤው ከደረሰ የሳምሶን ስም ይነሣል፤ የአባቱ ሙት ዓመት ደግሞ እየደረሰ ነው። ሥራ አስኪያጁም አምኖኝ ነው። እትዬ ሙሉስ ቢሰሙ በምን ዓይን ያዩኛል? እንዲህ ለሰው ሁሉ ሳዝን ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ይሉኝታ እያልኩ ስጠራው የኖርኩት ነገር ፍርሃት ነው። ፍርሃት መሆኑን ያኔም አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብሎኬት ተራገፈ፣ ከሰዓት በኋላ መተላለፊያው ግንብ ሆነ። እንዴት ልንወጣ ነው ተብሎ ግቢው ሲተራመስ፣ ቁም ሣጥኔ ጀርባ በሚስማር የተመታ አሮጌ በር እንዳለ እትዬ ሙሉ ትዝ አላቸው። በሩ በወዲያ በኩል ወደሚያልፈው መንገድ ያወጣል። እያፈሩ መጥተው «ልጄ፣ ለጥቂት ቀን...» ሲሉኝ ቁም ሣጥኑን ራሴ ገፋሁት፣ ሚስማሩን ራሴ ነቀልኩት። አመሰገኑኝ።

ጥቂት ቀን ያሉት ይኸው አራት ወር አለፈው። አምስት አባወራ በመኝታ ቤቴ ይወጣል፣ በመኝታ ቤቴ ይገባል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች በእግሬ በኩል ተሰልፈው ያልፋሉ። ሲሊንደር ያልፋል፣ ፍራሽ ያልፋል፣ ለበዓል የተገዛ በግ አልጋዬ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሎ ግማሽ ቀን አብሮኝ ውሏል። ከደንበኛ ጋር በካሜራ ስብሰባ ላይ ሆኜ ሰውየው ከጀርባዬ የሚያልፉትን እየቆጠረ «ቤተሰብህ ብዙ ነው» ብሎኛል። ተቆጥቼ አላውቅም። «ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው ይሄ ልጅ!» ይላል ግቢው። ስሜ ተነሥቶ አያልቅም፤ አቶ ግርማ ሲረገሙ እኔ እመረቃለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጋሽ ወልዴን ለሕክምና ልናወጣ በወንበር ተሸክመን ስንገባ ወንበሩ አልጋዬና ጠረጴዛዬ መሃል ተቀረቀረ። ጠረጴዛውን አንሥቼ፣ አልጋውን ገፍቼ፣ በመከራ አላቀቅነው። ሰው ሁሉ ያለከልካል። እትዬ ሙሉ ከኋላ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ...»

«ምንም አትበል!» አሉና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እኔ አልወለድኩም፤ እግዚአብሔር ግን አንተን ሰጠኝ። አንተ በርህን ባትከፍትልን እዚሁ ታፍነን መቅረታችን ነበር። የልብህን መሻት ይስጥህ! ክፉ አይንካህ! የእኛን ጭንቀት እንዳየህልን እሱ ያንተን ይይልህ!»

ተሸካሚዎቹ «አሜን» አሉ። በሩ ላይ ቆመው መንገድ የሚጠብቁት ጎረቤቶች «አሜን» አሉ። ጋሽ ወልዴ ከወንበራቸው ቀና ብለው ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው፣ እንደ ሰዉ አሜን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣላቸውም። ከዚያ ሁሉም የእኔን መጠበቅ ጀመሩ።

የእኔ ምላስ ደህና ነው። «አሜን» አልኩ።